የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ የራስ ሥዕለ ክርስቶስ ታሪክ

በመንዝ ትውልድ መቁጠር ጨዋታ ብቻ አልነበረም። እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በመሐል ሜዳም ሆነ በዙሪያው ርስት የሚገኘው በትውልድ ስለ ነበረ፣ አያቱንና ቅድመ አያቱን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር የማይችል ሰው በዳኛ ፊት ተረትቶ ይመለስ ነበር። የርስት ቆጠራ ደግሞ በአባትም በእናትም ይሄዳል። እናቱ ከአቅኚው የምትወለድ ሰው «የእናቴን ድርሻ» ብሎ መከራከር ይችላል።

ዘውድ ግን እንደ ርስት አይደለም። ዘውድ የሚቆጠረው በአባት በኩል ነበረ። በእናት በኩል የንጉሥ ወንድም የሆነ ሰው ጦር ሊመራ፣ አገር ሊገዛ፣ ራስ ሊባል ይችላል፤ ዙፋን ላይ ግን ሊቀመጥ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሰው እንዲህ ያለ ዕድል የደረሰው ታላቅ የጦር አለቃ ነው። ስሙ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ይባላል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐፄ ሱስንዮስ ቀጥሎ በኢትዮጵያ ከነበሩት ኃያላን አንዱ እርሱ ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ከአንድ አባት የወጡ ሁለት ሐረጎች

ዐፄ ልብነ ድንግል በ1540 ሲሞት አገሩ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ተቃጥሎ ነበር። ከልጆቹ አንዱ አቤቶ ያዕቆብ በዚያ የመከራ ዘመን በመንዝ ተሸሽጎ እንደ ቀረ በሸዋ ይተረካል። ከዚህ ከያዕቆብ ሁለት ሐረጎች ወጡ። አንደኛው በሥግወ ቃል በኩል ወርዶ፣ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከመንዝ የተነሣውን ነጋሲ ክርስቶስን፣ ከእርሱም በኋላ እነ ሣህለ ሥላሴንና ምኒልክን ያስገኘው ነው። ይህን የመንዝ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሐረግ በያዕቆብ ልጅ በአቤቶ ፋሲል በኩል የሄደው ነው። የፋሲል ልጅ ሱስንዮስ ነው። ሱስንዮስ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ከቦረን ኦሮሞዎች ጋር በተደረገ ውጊያ ሞተ፤ እርሱም ተማርኮ ከአንድ ዓመት በላይ በመካከላቸው ኖረ። ቋንቋቸውን ለመደ፤ የጦር ስልታቸውንም ተማረ። ካደገም በኋላ ከኦሮሞ ተዋጊዎች ጋር ሆኖ በሸዋ፣ በወለቃና በአምሐራ ለብዙ ዘመን ሸፈተ። በመጨረሻም በ1607 ጎል በተባለ በጎጃም በሚገኝ ስፍራ ተቀናቃኙን ዐፄ ያዕቆብን፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግልን ልጅ፣ ድል አድርጎ ነገሠ። በዚያ ውጊያ ንጉሡ ብቻ ሳይሆን ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። በ1609 ሱስንዮስ አክሱም ወርዶ እንደ ጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫነ።

የእናት ልጅ

የሱስንዮስ እናት ሐመልማለ ወርቅ ከሌላ ባል የወለደቻቸው ልጆች ነበሯት። ሥዕለ ክርስቶስ ከእነዚህ አንዱ ነው። እንግዲህ ሥዕለ ክርስቶስ የንጉሡ የእናት ልጅ ነው እንጂ የአቤቶ ፋሲል ልጅ አይደለም። የልብነ ድንግል ደም አልነበረበትም።

ይህን ነገር አጥብቀን መመልከት ይገባናል። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ሰው የአባቱን ልጅ ነበረ። የአባት ልጅ ዙፋን ይገባኛል ሊል ይችላል። ስለዚህ ነው የነገሥታት ልጆች ዱሮ በግሸን፣ ኋላም በወህኒ አምባ ላይ ታስረው የሚኖሩት። የእናት ልጅ ግን ወንድም ነው፤ ይታመናል፤ ዙፋን ግን አይመኝም ተብሎ ይታሰባል። ሱስንዮስም ይህን አስቦ ይመስላል ታላላቆቹን አገሮች ለእናቱ ልጆች ያከፋፈለው። ከእነዚህ ሁሉ በጦርም በምክርም የበለጠው ሥዕለ ክርስቶስ ነበረ። በ1610ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጎጃምን ተሾመ።

ጎጃምን መግዛት

በዚያ ዘመን አንድን አገር መግዛት ማለት ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እንናገር። የጦር ሠራዊቱ ደመወዝ የለውም። ወታደሩ የሚተዳደረው ከተሰጠው መሬትና ከገበሬው ከሚቀበለው ግብር ነው። ገዥው ጦሩን አስከትሎ በበጋ ይዘምታል፤ ክረምት ሲገባ በአንድ ስፍራ ይሰፍራል። «ከተማ» የሚለው ቃል መጀመሪያ ያ የጦር ሰፈር ነበረ። የጦሩ ጉልበት ፈረሰኛው ነው፤ መሣሪያውም ጦርና ጋሻ። ጠመንጃ ነበረ፤ ግን ጥቂት ነበረ፤ ባሩዱም በችግር የሚገኝ ነበረ።

ስለዚህ አገር ገዥው ዳኛም፣ ግብር ሰብሳቢም፣ የጦር አለቃም ነው። ሠራዊቱ የሚያውቀው በእጁ የሚያበላውን እርሱን ነው፤ ንጉሡ ሩቅ ነው። ንጉሥ ያለ እንዲህ ያለ ሰው አገር ሊይዝ አይችልም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ ሳይሠጋ ሊኖር አይችልም።

ሥዕለ ክርስቶስ በጎጃም ሳለ ከአገው ጋር፣ ከጉሙዝ ጋር፣ ዓባይን ተሻግረው ከሚመጡ የኦሮሞ ፈረሰኞችም ጋር ተዋግቷል። በ1613 ዐፄ ሱስንዮስ በእናርያ በኩል አድርገው ወደ መሊንዲ ባሕር እንዲወርዱ፣ ከዚያም ወደ ሮማና ወደ ማድሪድ እንዲሻገሩ ፍቁረ እግዚእንና አባ አንቶንዮ ፈርናንዴዝን መልእክተኞች አድርጎ ሲልክ፣ ጉዞው የተጀመረው ከጎጃም ነው። መልእክተኞቹ መንገዱ ተዘግቶባቸው ተመለሱ። የመልእክቱ ዋና ነገር ወታደር ለመለመን ነበረ፤ የጠመንጃ ጦር ከፖርቱጋል ከመጣ ንጉሡ በየአገሩ ገዥና በየገዳሙ መነኩሴ ላይ የበላይ እሆናለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ያ ጦር ከቶ አልመጣም።

የሮማ ሃይማኖት

በ1603 ስፔናዊው ኢየሱሳዊ አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ፓኤዝ ትዕግሥተኛ ሰው ነበረ፤ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ ከሊቃውንቱ ጋር በጉባኤ ተከራከረ፤ በጎርጎራም ለንጉሡ ሕንፃ ሠራ። የክርክሩ ዋና ነጥብ የክርስቶስ ባሕርይ ነበረ። ኢየሱሳውያን ከተዋሕዶም በኋላ ሁለት ባሕርይ ነው ይላሉ፤ የእስክንድርያን ትምህርት የያዙት የእኛ ሊቃውንት ደግሞ በተዋሕዶ አንድ ባሕርይ ሆነ ይላሉ። ከዚህም ጋር የቀዳሚት ሰንበት መከበር፣ ግዝረት፣ የጾምና የበዓላት አቆጣጠር ተከተሉ። ገበሬው የባሕርይን ክርክር ላይከታተለው ይችላል፤ ቅዳሜ እረስ ሲሉት ግን ነገሩ ይገባዋል።

ከታላላቆቹ መኳንንት በግልጥ ወደ ሮማ ሃይማኖት ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሥዕለ ክርስቶስ ነበረ፤ ይህም በ1612 ነው። ኢየሱሳውያን በጎጃም ቆለላ ላይ መኖሪያና ቤተ ክርስቲያን አገኙ። ፓኤዝ በ1618 ከንጉሡ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን፣ የዓባይን ምንጭ፣ ያየው በዚሁ በሥዕለ ክርስቶስ ግዛት ውስጥ ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች የሱስንዮስን መለወጥ በፖለቲካ ያስረዱታል፤ ትክክልም ይመስለኛል። የሥዕለ ክርስቶስን ግን በፖለቲካ ብቻ ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ሃይማኖቱ የሚጠቅመው በነበረ ጊዜ ያዘው፤ የሚጎዳው በሆነ ጊዜም አልተወውም። ይህን ወደ ፊት እናየዋለን።

አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ስለ እርሱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በወዳጆቹ ነው። ፓኤዝ፣ አልሜይዳና ሎቦ ኢየሱሳውያን ናቸው። የሱስንዮስን ዜና መዋዕል በግዕዝ ከጻፉት አንዱ አዛዥ ጢኖም የሮማን ሃይማኖት የተቀበለ ሰው ነበረ። በሰይፉ የወደቁት መነኮሳትና ገበሬዎች በበኩላቸው የጻፉት መጽሐፍ ቢገኝ ኖሮ፣ ሥዕለ ክርስቶስ በዚያ ውስጥ ሌላ መልክ በኖረው ነበር።

ሰይፍና ሃይማኖት

ተቃውሞው ፈጥኖ መጣ። አቡነ ስምዖን የሮማን ትምህርት የሚከተሉትን አወገዘ። በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ጦር አንሥቶ ተነሣ፤ አቡነ ስምዖንም ከእርሱ ጋር ዘመተ። የሥዕለ ክርስቶስ ወንድም የማነ ክርስቶስ ሳይቀር ከተቃዋሚዎቹ ወገን ቆመ። ዮልዮስም ጳጳሱም በውጊያው ሞቱ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጳጳሳት በጦር ሜዳ ወደቁ ማለት ነው። በ1620 ቀዳሚት ሰንበት እንዳይከበር በተነገረው አዋጅ ምክንያት ዮናኤል በበጌምድር ሸፈተ፤ በዳሞትም መነኮሳትና ባላገሮች ተነሡ። ሥዕለ ክርስቶስ የዳሞቱን ዐመፅ በጦር አጠፋው።

በ1622 ሱስንዮስ ራሱ የሮማን ሃይማኖት ተቀበለ። በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ። የፓኤዝ ሞት ብዙ ነገር ለወጠ፤ በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የገባው አልፎንሶ ሜንዴዝ እንደ ፓኤዝ ያለ ሰው አልነበረም። ካህናቱ እንደ ገና ክህነት እንዲቀበሉ፣ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አዲስ እንዲባረኩ አዘዘ። ይህ ማለት ለኢትዮጵያዊው «እስከ ዛሬ አባትህም አያትህም ክርስቲያን አልነበሩም» ማለት ነበረ። ከዚህ የበለጠ ስድብ ምን አለ?

የ1626ቱ መሐላ

በየካቲት 1626 በደንቀዝ፣ ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በንጉሡ ከተማ፣ ታላቅ ጉባኤ ተደረገ። ሱስንዮስ ተንበርክኮ በወንጌል ላይ እጁን ጭኖ ለሮማ ሊቀ ጳጳሳት ታዛዥነቱን በመሐላ አጸና። ልጁ ፋሲለደስ፣ መኳንንቱና ካህናቱም ተራ በተራ ማሉ። በዚያው ዕለት ፋሲለደስ አልጋ ወራሽ መሆኑን መኳንንቱ በመሐላ አረጋገጡ።

የሥዕለ ክርስቶስ ተራ ሲደርስ ሰይፉን መዝዞ ተናገረ። ያለፈው አለፈ፤ ከዛሬ ወዲያ ግን ግዴታውን የማይፈጽም በዚህ ይፈረድበታል የሚል መልእክት ነበረው። ለፋሲለደስም ሲምል አንድ ነገር ጨመረ፤ ልዑሉ የካቶሊክን ሃይማኖት እስከ ጠበቀ ድረስ ታማኝ አገልጋዩ እንደሚሆን፣ ያን ከተወ ግን የመጀመሪያውና ዋናው ጠላቱ እንደሚሆን በሕዝብ ፊት ተናገረ።

የአማርኛ ተረት «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል። ሥዕለ ክርስቶስ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይህን ተረት አፈረሰው። ለንጉሥ የሚገባው መታዘዝ ወሰን እንዳለው፣ ንጉሡም ራሱ ሊታዘዘው የሚገባ ነገር ከበላዩ እንዳለ ተናገረ። ይህ ሐሳብ ብቻውን ሲታይ ትልቅ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የተናገረው ብዙ ጦር የሚከተለው የጎጃም ገዥ ነው፤ የሰማውም ነገ የሚነግሠው ፋሲለደስ ነው። እንዲህ ያለ ቃል አይረሳም። በእናት በኩል ያለ ወንድም ዙፋን አይመኝም ተብሎ ይታመን የነበረው እምነት በዚያች ቀን ተሰነጠቀ።

ውድቀት

ከዚያ ወዲህ ነገረኞች በረከቱ። ሥዕለ ክርስቶስ ዙፋን ይመኛል፣ ጦር ያከማቻል እያሉ ከንጉሡ ጋር አጣሉት። ሥልጣኑ ተቀነሰ፤ ጎጃምንም ተነሣ። በዚሁ ጊዜ አገሩ በየአቅጣጫው ይነድ ነበር። በትግሬ ሌላው የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ ሸፍቶ ተይዞ ተሰቀለ። በላስታ ደግሞ መልክአ ክርስቶስ የሚባል ሰው ገበሬዎቹን አስከትሎ ተነሣ፤ ለብዙ ዘመንም አልተበገረም።

በሰኔ 1632 ከላስታ ገበሬዎች ጋር በተደረገው ውጊያ ወደ 8000 የሚሆኑ ሰዎች እንደ ወደቁ ይነገራል። ሱስንዮስ ድል አደረገ። ነገር ግን በማግስቱ ሬሳው በተረፈረፈበት ሜዳ ሲያልፍ፣ አብረውት የነበሩት እነዚህ እስላሞች ወይም አረመኔዎች አይደሉም፤ የገዛ ሕዝብህ ክርስቲያኖች ናቸው ብለው እንደ ነገሩት ተጽፏል። ያረጀውና የታመመው ንጉሥ ከዚህ በላይ ሊቀጥል አልቻለም። በዚያው ወር የጥንቱ የእስክንድርያ ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለፋሲለደስ ለቀቀ። በመስከረም ሞተ።

አሁን ፈተናው ለሥዕለ ክርስቶስ ሆነ። ብዙዎቹ መኳንንት እንደ ነፋሱ ተመለሱ። እርሱ ግን አልመለስም አለ። ሀብቱን ተወረሰ፤ ታስሮ ተጋዘ፤ በመጨረሻም ተገደለ። ኢየሱሳውያኑም በ1634 ከአገር ወጡ።

በፈረንሳይ በዚያው ዓመት

በዚያው በ1632 በሌላ አገር ተመሳሳይ ነገር መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። በፈረንሳይ መስፍኑ አንሪ ደ ሞንሞራንሲ የላንግዶክ አገር ገዥና የፈረንሳይ ማርሻል ነበረ። ለንጉሡ ለሉዊ 13ኛ የፕሮቴስታንቶችን ዐመፅ በየብስም በባሕርም ወግቶለታል። ኋላ ግን የካርዲናል ሪሽልዮን ኃይል ተቃውሞ ከንጉሡ ወንድም ከጋስቶን ጋር ተነሣ። በመስከረም 1 ቀን ካስቴልኖዳሪ ላይ ቆስሎ ተያዘ፤ በጥቅምት 30 ቀን ቱሉዝ ላይ አንገቱ ተቀላ። ታላላቅ ሰዎች ምሕረት ቢለምኑለትም ንጉሡ እምቢ አለ።

ሞንሞራንሲ የሞተው ለሃይማኖት አይደለም፤ በዚህ ከሥዕለ ክርስቶስ ይለያል። የሚመሳሰሉበት ነገር ግን አለ። ሁለቱም የአገር ገዥነትንና የጦር አለቃነትን በአንድ እጅ የያዙ መኳንንት ናቸው፤ ሁለቱም የንጉሡን ጠላቶች ሲወጉ የተወደዱ፣ የራሳቸውን ፈቃድ ሲናገሩ የማይታለፉ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ግን የሁለቱ አገሮች መንገድ ተለያየ። የፈረንሳይ ነገሥታት ደመወዝተኛ ጦርና ሹም እያበዙ የመኳንንቱን ክንድ አሳጠሩ። በእኛ አገር ጦሩ ከገዥው እጅ መብላቱን ቀጠለ፤ ከመቶ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥም ንጉሡን በጎንደር አስቀምጠው አገሩን በየፊናቸው የሚገዙ መሳፍንት ዘመን መጣ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንይዛለን?

በመካከላችን ስለ ሥዕለ ክርስቶስ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዱ ለባዕድ ያደረ ከሃዲ ይለዋል። ሌላው ለእምነቱ የሞተ ሰማዕት ይለዋል። እኔ ግን ሁለቱም ፍርድ ግማሽ ነው እላለሁ።

ሹመቱንና ሕይወቱን ያጣበትን እምነት ለጥቅም ያዘው ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ንጉሥ እንኳ ሕሊናዬን ሊያዝዘው አይችልም ብሎ በደንቀዝ ሰይፉን የመዘዘው ሰው፣ የዳሞትን መነኩሴና የጎጃምን ገበሬ ሕሊና በዚያው ሰይፍ ሲያዝዝ ኖሯል። ለራሱ የጠየቀውን መብት ለሌላው አልሰጠም። ፋሲለደስ ያን ሰይፍ ከእጁ በወሰደበት ቀን፣ የተፈረደበት ራሱ ሲፈርድበት በኖረው ሕግ ነው።

የሰይፉም ሥራ አልቆመም። ፖርቱጋሎቹ ከሄዱ በኋላ ከእነርሱ ጋር የተጀመረው የባሕርይ ክርክር በራሳችን ሊቃውንት መካከል ቀጠለ። ጎጃም ቅባት አለ፤ በሸዋ ጸጋ የሚለው ትምህርት በረታ፤ ካህን ከካህን፣ ገዳም ከገዳም ተለያየ። በመንዝ አብያተ ክርስቲያናት ሳይቀር የተሰማው ይህ ክርክር በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪያደርግ ድረስ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። በዚያም ጊዜ ቢሆን ፍርዱ በንጉሥ ትእዛዝ ተፈጸመ እንጂ በመግባባት አላለቀም።

በመሐል ሜዳ ሽማግሌዎች ትውልድ ሲቆጥሩ ከልብነ ድንግል ወደ ያዕቆብ፣ ከያዕቆብ ወደ ነጋሲ ይወርዳሉ። የሱስንዮስን ሐረግ የሚያነሣም አይጠፋም። ሥዕለ ክርስቶስ ግን በማንኛውም ቆጠራ አይገኝም፤ የእናት ልጅ ነበረና። እኛ ተማሪዎች ግን ልንቆጥረው ይገባናል። ዛሬ በየጉባኤያችን ስለ ሐሳብ ነጻነት አጥብቀን የምንናገር ብዙዎች ነን። የምንናገረው የራሳችን ሐሳብ ሲነካ ብቻ ነው ወይስ የማንወደው ሐሳብ ሲነካም ጭምር? ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ለብዙ ሺሕ ሰው ሞት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ ሆኗል።